ባለ ሦስት ቁልፉ ሣጥን

ነዋል የሂሳብ አያያዝና የፋይናንስ ቁጥጥር መማር ከጀመረች ወዲህ ከሚሴ ውስጥ ቁጥጥር የጎደለው ነገር ሁሉ ዓይኗን ይወጋት ጀመር። በመጀመሪያ የእናቷን ሱቅ ልቆጣጠር አለች፤ እናቷ ከሱቁ አባረሯት። ከዚያ ፊቷን ወደ ቅሬው አዞረች።

የሰፈሩ ቅሬ ሰው ሲሞት ከፈን ይገዛል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ ያበላል። ገንዘቡን ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ብቻቸውን የያዙት አባባ ከማል ነበሩ፤ ያስቀመጡትም እቤታቸው ነው። ጎደለ ብሎ በስብሰባ ላይ የተናገረ ሰው የለም። ነዋል ግን ማታ ማታ የምትማረው ሌላ ነው፤ ገንዘብ የሚይዝና ወጪ የሚያደርግ አንድ ሰው መሆን የለበትም። «ጥሩ ሰው መሆን የቁጥጥር ዘዴ አይደለም» ይላሉ መምህሯ። አነጋገሩ ስለጣማት በቅሬው ስብሰባ ላይ እንዳለ ደገመችው።

ሐሳቧ ቀላል ነበር። ገንዘቡ ባለ ሦስት ቁልፍ የብረት ሣጥን ውስጥ ይግባ። ሣጥኑ ሊቀመንበሩ ጣሃ ቤት ይቀመጥ። አንዱን ቁልፍ ጣሃ፣ አንዱን የእህል ነጋዴው በድሩ፣ አንዱን አባባ ከማል ይያዙ፤ ሦስቱ ካልተገኙ አይከፈትም።

ሰው ሁሉ ወደ አባባ ከማል ዞረ። እሳቸው «ጥሩ ነው» ብለው ገንዘቡን ሊያመጡ ወጡ።

ነዋል የዚያን ቀን ደስ ብሏት አደረች። በማግስቱ ግን መንገድ ላይ ሰላም ስትላቸው አጭር መልስ ሰጥተዋት አለፉ። እኚህን የመሰሉ ሰው በአገር ፊት ሌባ አልኳቸው ማለት ነው? ይቅርታ እንዳትጠይቅ ሥራዋ ትክክል ነው፤ ዝም እንዳትል ኅሊናዋ እንቅልፍ ነሳት። ከዚያ ወዲህ እሳቸውን ከሩቅ ስታይ መንገድ ትሻገር ነበር።

ሣጥኑ ሁለት ዓመት ያለ እንከን ሠራ። አንድ ሰኞ ጠዋት የአባባ ከማል ባለቤት ዘይቱና ሞቱ።

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። በድሩ በሌሊት ወደ ባቲ ሄዷል፤ ቁልፉም ከወገቡ ጋር ሄዷል። ስልኩ አይሠራም። በዕለቱ የሚቀበር ጀናዛ ደግሞ ገበያተኛ አይጠብቅም። አባባ ከማል የነበራቸውን ሁሉ ለዘይቱና መድኃኒት አውጥተው ጨርሰዋል፤ ከፈን መግዣ እንኳ የላቸውም።

ሙሀመድኑር የሚባል ጎረቤት ሣጥኑን ሊሰብር ዲጂኖ ይዞ ለቅሶ ቤት መጣ። ከሁሉም ቀድማ «ስበሩት!» ያለችው ነዋል ናት።

«አይሰበርም» አሉ አባባ ከማል ከተቀመጡበት ተነሥተው።

«አባባ፣ በአላህ ይሁንብዎ! ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ዛሬ ለከማል ተሰበረ ከተባለ ነገ ለማን ሳይሰበር ሊቀር ነው? አስቀምጠው፣ ሙሀመድኑር።»

ሰው ሁሉ ግራ ገብቶት እርስ በርሱ ሲተያይ ጎረቤታቸው እቴቴ ፋጡሜ ወደ ቤታቸው ገብተው የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ይዘው ተመለሱ። ለራሳቸው ቀን ያስቀመጡት ከፈን ነበር። «እንኩ፣ ለዘይቱና ይሁን። እኔ እንደሁ አልቸኮልኩም» አሉ። ለቀስተኛው በእንባው መሃል ፈገግ አለ። ዘይቱና የዐስር ሶላት ሳይደርስ ተቀበሩ።

ነዋል ያን ሌሊት ደብተሯን ገለጠች። ለድንገተኛ ነገር የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ከሣጥን ውጭ በአንድ ሰው እጅ ይቀመጣል ይላል፤ ተምራዋለች። ፈተና ላይ አይመጣም ብላ ነበር የዘለለችው።

በሦስተኛው ቀን ጣሃና በድሩ የአባባ ከማልን ቁልፍ ተቀብለው ሣጥኑን ከፍተው የሰጧትን ጥቂት ብር ይዛ ለቅሶ ቤት ገባች። አባባ ከማል ፊት ተንበረከከች።

«ይቺ ለድንገተኛ በእርስዎ እጅ ትሁን። ማንም አይጠይቅዎትም። ያኔ በሰው ፊት አዋርጄዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ለዚህ ነው መንገድ እየተሻገርሽ የምትሸሺኝ?»

ነዋል አቀረቀረች።

«ከሣጥኑ በፊት፣ ወንዱ ልጄ ከጅዳ በላከልኝ ብር ቤቴን ቆርቆሮ ሳለብስ፣ የቅሬው ገንዘብ ነው ተባለ። ለኔ ፊት ለፊት ማን ይነግረኛል? የሚነግሩት ለዘይቱና ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን በመታው ቁጥር ታለቅስ ነበር። ምን ብዬ ላስተባብል? ገንዘቡ እኔ ቤት፣ ቁልፉ እኔ ኪስ! ገንዘቡ ከቤቴ የወጣ ለታ፣ ‹አልሐምዱሊላህ፣ ከእንግዲህ ከሰው መሃል ቀና ብዬ እቀመጣለሁ› አለችኝ። ወላሂ፣ ሁለት ዓመት ቀና ብላ ተቀመጠች። ቀና እንዳለች ሄደች።»

ከለቀስተኞቹ አንዳንዶቹ መሬት መሬት አዩ።

አባባ ከማል ብሩን ከእጇ ተቀብለው ሰው ሁሉ በሚያይበት ምንጣፉ ላይ ዘረጉት። «ማንም አይጠይቅዎትም አትበይኝ። በየወሩ እየመጣሽ ትቆጥሪያለሽ። አሁንም ቁጠሪ።»

ነዋል መቁጠር ጀመረች። እንባዋ ጋረዳትና ተሳሳተች። አባባ ከማል ብሩን ሰብስበው መልሰው በእጇ አስያዟት።

«ከመጀመሪያው» አሏት፤ «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።»