ሙቢና በቴሌቪዥን የታየች ዕለት

የመንግሥት ቴሌቪዥን ይመጣል የተባለ ዕለት፣ መንደርተኛው ተናጋሪ አድርጎ የመረጠው ሙቢናን ነበር። አሰላ ገበያ ስንዴ ስትቸረችር የተማረችው አማርኛ አላት፤ ምላሷም ባለሥልጣን አይቶ አይተሳሰርም።

«ኮምባይነር እንዳልመጣልን፣ ዝናቡም ስንዴውን በቁሙ እያበቀለው እንደሆነ ንገሪልን» አሏት።

ነገረች። ጋዜጠኛው ኃይለመስቀል ማይክሮፎኑን ደቅኖ ራሱን እየነቀነቀ ሰማት። ደመናውን በእጇ እያሳየች አንዲት ቃል ሳታስቀር ዘረገፈችው።

በሦስተኛው ቀን የቀትሩን ዜና ለማየት ሰዉ ቴሌቪዥን ካላቸው ከሽማግሌው ከኦቦ ቱሳ ቤት ታጨቀ። ሙቢና እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ ብቅ አለች። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ የሚሰማው ግን የዜና አንባቢው ድምፅ ነው፦ «አርሶ አደሮቹ ኮምባይነር በወቅቱ በመድረሱ መደሰታቸውን ገለጹ።» ቀጥሎ ማሽን ታየ፤ የማንን እርሻ እንደሚያጭድ አላህ ይወቀው። ቀጥሎ ስብሰባ፣ ቀጥሎ ሪባን።

ሰዉ ሁሉ ወደ ሙቢና ዞረ።

«ይሄን ነው ያልሽው?» አለቻት አብራት ያደገችው ራቢያ።

«ወላሂ አላልኩም! አፌን አታዪም እንዴ?»

«አፍሽንማ አየነው። እጅሽን አንስተሽ ስታመሰግኚም አየን።»

ሙቢና ወጥታ ቁጥሩን ትቶላት ለነበረው ለኃይለመስቀል ደወለች።

«እህቴ፣ ድምፅሽ ላይ ነፋስ ገባበት» አላት።

«መደሰቴን የነገረህ ነፋሱ ነው?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መኪናውን የሰጠን፣ አበላችንንም የቻለው ያው የምንዘግብለት መሥሪያ ቤት ነው። ጣቢያው ነዳጅ እንኳ የለውም።»

«ግብሩ ከእኛ፣ ምስጋናው ለእነሱ! በል ይሄንኑ ለጎረቤቶቼ ንገርልኝ፤ ስልኩን ላቀብላቸው።»

«እንጀራዬን ልትዘጊው ነው?» ብሎ ስልኩን ዘጋባት።

መንደሩ ኮምባይነሩን ተስፋ ቆርጦ በደቦ ሊያጭድ ተራ አወጣ። የሙቢና ተራ ቅዳሜ ነበር። በዋዜማው ለሃያ ሰው የሚበቃ የገብስ ዱቄት ጭኮ በቅቤ ለወሰች። ቅዳሜ ፀሐይ ወጣች፣ ጤዛው ረገፈ፤ የመጣ የለም። አርፍደው ኦቦ ቱሳ ብቻ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። ማጭድ አልያዙም።

«ልጄ፣ ሰዉ ‹ለእሷ ኮምባይነር ደርሶላታል› ብሎ እያሽሟጠጠ ወደ ራቢያ ማሳ ዞሯል።»

«እርስዎስ፣ ኦቦ? እርስዎም እንደዚያ ማለቴን አመኑ?»

ሽማግሌው ስንዴውን ሲያዩ ቆዩ። «ድምፅሽን አልሰማሁም። ምን ብዬ ልከራከርልሽ?»

ጭኮ አቀረበችላቸው። አንዴ ቀምሰው፣ መርቀዋት ወረዱ።

ሙቢና ከታችኛው ዳር ማጨድ ጀመረች። ጭላሎ ተራራ ላይ ደመናው እየከበደ ነው። ከማዶ፣ ከራቢያ ማሳ፣ የደቦው ዘፈን ይሰማል። ዜማውን ከልጅነቷ ታውቀዋለች፤ ግን ተቀባይ ይፈልጋል፣ ለብቻ አይዘፈንም። ዝም ብላ አጨደች።