ጋሼ ይጠየቅ

አራት ሰዓት ሆነ፤ አንድም ሰው ወደ ጠረጴዛው አልመጣም። ሰውየው ወንበሩን ወደ መተላለፊያው አዙሮ ተቀምጧል። ከፊቱ ያለው ባልደረባው ብድግ ሲል "መጣ" ብሎ መነጽሩን አስተካከለ፤ ባልደረባው ግን አልፎት ውኃ ሊቀዳ ሄደ።

ዕቃ በሚያመላልሰው በዚህ ድርጅት አሥራ አንድ ዓመት ኮድ ጽፏል። ቡድኑ ለራሱ ብቻ የሚጠቀምባቸው ከመቶ በላይ ፓኬጆች አሉ፤ አንዴ ተጽፈው ሁሉም እያነሳ ሥራው ውስጥ የሚከታቸው የኮድ ጥቅሎች። የትኛው ምን እንደሚሠራ የትም አልተጻፈም፤ ያለው እሱ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ሰው ሲቸገር "ጋሼ ይጠየቅ" ይባላል። ሲውል ሲያድር እሱኑ ቅጽል ስም አደረጉለት። ሲጠሩት ያጉረመርማል እንጂ ደስ ይለው ነበር።

ባለፈው ሰኞ አዲሷ ልጅ፣ ከተቀጠረች ገና ዓመት እንኳ ያልሞላት፣ ድረ ገጽ ሠርታ መጣች። ፓኬጆቹ በፊደል ተራ ተደርድረዋል፤ አንዱን ሲጫኑት ምን እንደሚሠራና ማን እንደሚጠቀምበት ይወጣል። አለቃው "እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?" ብሎ በሰው ፊት አሞገሳት። ሰውየው አብሮ አጨበጨበ፤ አንጀቱ ግን አረረ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲመልስ ለእሱ ማን አጨበጨበለት?

"ጋሼ፣ ዝርዝሩን አዩልኝ?" ልጅቷ አጠገቡ ቆማለች። "ማንም የማይጠቀምባቸውን ፓኬጆች ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልሰርዛቸው ነው። አሥራ አራት ናቸው።"

"አየዋለሁ።"

"እርስዎ ሳያዩት እጄ አይሄድልኝም።"

"አየዋለሁ አልኩሽ እኮ!"

ዝርዝሩን ከፈተ። ሰባተኛው ላይ ዓይኑ ቀረ። እሱ ራሱ የጻፈው፣ የአበሻን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይር ፓኬጅ ነው፤ "ተጠቃሚ፦ ዜሮ" ይላል። ዜሮ አይደለም። ምድር ቤት ያለው አሮጌ ኮምፒውተር በየጠዋቱ ሲከፈት ይህንን ፓኬጅ ወስዶ ነው ዕቃዎቹ ላይ የሚለጠፈውን አድራሻና ቀን የሚያትመው። የዚያ ኮምፒውተር ኮድ ከቡድኑ ኮድ ጋር ስላልተቀመጠ የልጅቷ ገጽ አያየውም። ፓኬጁ ከተሰረዘ ነገ አንድም ዕቃ ከመጋዘን አይወጣም። ይህንን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ነገ ሁሉም ወደ እሱ ሲሮጥ፣ አለቃው ልጅቷ ላይ ሲያፈጥ ታየውና ደስ አለው። "ዝም አይነቅዝም" አለ በልቡ።

በምሳ ሰዓት ሚስቱ ደወለች።

"ድምፅህ ምን ሆነ?"

"ምንም።"

"ያቺ ልጅ ናት አይደል? ሰሞኑን ሌላ ወሬ የለህም።"

"ገጿ ስህተት አለበት። ነገ ጉድ ይፈላል።"

"ነገርካት?"

"እኔ ምን ቤት ነኝ?"

"በእህቴ ሠርግ ቀን ስንቴ ከአዳራሽ ወጥተህ ስልክ እንዳወራህ ረሳኸው? 'ያለ እኔ አንድ ቀን አያድሩም' ስትለኝ ኖረህ፣ አሁን የሚያሳርፍህ ሰው ሲመጣ ትቀናለህ?"

"እኔ አልቀናሁም!"

"እሺ፣ አልቀናህም። በል ምሳህን ብላ።"

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ልጅቷ ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ አየችው። "ጋሼ፣ ልሰርዝ?"

አዎ ሊል ነበር። ፊቷን አይቶ አቃተው።

"ሰባተኛውን እንዳትነኪ!" አለ፤ ድምፁ ሻከረ።

ማስታወሻዋን ይዛ እየሮጠች መጣች። ነገሩን ሲነግራት እጇን በአፏ ላይ ጫነች።

"ጉድ ሆኜልዎት ነበር! ለካ ገጽ ቢሠራም ባይሠራም እርስዎን መጠየቅ ነው።"

ይህንን ቃል ሳምንቱን ሙሉ ሲጠብቀው ነበር። ሲሰማው ግን ጠዋት ያሰበው ትዝ አለውና አፈረ።

ልጅቷ ስትሄድ እሷ በሠራችው ድረ ገጽ ላይ የፓኬጁን ገጽ ከፍቶ ስለ ምድር ቤቱ ኮምፒውተር የሚያውቀውን አንድም ሳያስቀር ጻፈ። ቅናቱ አልለቀቀውም፤ እየጻፈም ይቆረቁረው ነበር። መጨረሻ ላይ "ማን ይጠየቅ?" የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። የራሱን ስም ጻፈባት።

ጥቂት አየውና አጠፋው። "ማንም። ሁሉም ከላይ ተጽፏል" ብሎ አስቀመጠውና ስለ ሌላው ፓኬጅ ሊጽፍ ቀጣዩን ገጽ ከፈተ።