የአሥር አለቃው ደብተር

ሻለቃ ተይሙር ሎዲ ፓኪስታን ከሕንድ ጋር በተዋጋችበት ጊዜ ራዋልፒንዲ ከተማ መጋዘን ውስጥ ብርድ ልብስ ሲያከፋፍል ነበር የከረመው። ጡረታ ወጥቶ ላሆር ሲገባ ግን ልብ ወለድ ጻፈ፤ በአንድ እጁ ታንክ የሚማርክ፣ በሌላው የጄኔራል ልጅ የሚያቅፍ ሻለቃ ያለበት። አገር ተሻማበት። ወርሃዊ መጽሔት ከፍቶም አዘጋጅ ሆነ።

የኡርዱ ጽሑፍ የሚታተመው በእጅ ተጽፎ ስለነበር፣ ይህን ሁሉ ለኅትመት በመቃ ብዕር የሚገለብጠው ቁም ጸሐፊው ዋጃሃት ነበር። አሥራ አንድ ልብ ወለድ ገልብጦለታል፤ አንዱንም ሚስቱ እጅ ላይ ማየት አይፈልግም።

አንድ ቀን ሱግራ የምትባል ሴት ከሲያልኮት ገጠር ወደ መጽሔቱ ቢሮ መጣች። በጦርነቱ የሞተው ባሏ፣ አሥር አለቃ አላህዲታ፣ በበቅሎ ውሃ ወደ ምሽግ ያመላልስ ነበር፤ ያየውንም በደብተር ጽፎ ትቶላታል። ዋጃሃት ደብተሩን ተቀብሏት ቆሞ ማንበብ ጀመረ። በቅሎዋ መድፍ ስትሰማ እንዴት እንደምትንቀጠቀጥ የሚለው ጋ ሲደርስ ተቀመጠ።

ሻለቃው ግን፣ «ፍልሚያ የለበት፣ ፍቅር የለበት። በቅሎ ማን ያነብልሻል?» ብሎ ሸኛት። ደብተሩን አልመለሰላትም።

በወሩ ያው ታሪክ በሻለቃው እጅ ጽሑፍ ተገልብጦ፣ የሻለቃው ስም ሰፍሮበት ዋጃሃት ጠረጴዛ ላይ መጣ። በቅሎዋ እንኳ አልተለወጠችም።

«ሻለቃ ሳሂብ፣ ይሄ የሴትዮዋ ባል የጻፈው አይደለም እንዴ?» አለ ዋጃሃት፣ «ሳሂብ» የሚለውን የአክብሮት ቃል ሳያጎድል።

«ሰውየው ሞቷል። ስም ምን ይሠራለታል? አንተ መቃህን አንቀሳቅስ።»

ዋጃሃት አንቀሳቀሰ። ከርእሱ ሥር ግን «አሥር አለቃ አላህዲታ» ብሎ ጻፈ። ሻለቃው የራሱ ስም የሚወጣበትን ቦታ አርሞ አያውቅም፤ መጽሔቱ እንደዚያው ታትሞ ወጣ።

«ወታደር ብትሆን አስረሽንህ ነበር» አለው ሻለቃው መጽሔቱን ባየ ጊዜ።

«የት? ብርድ ልብሱ መሃል?»

ሊያባርረው ነበር፤ ግን የአንባቢ ደብዳቤ በጆንያ ይጎርፍ ጀመር። ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች አልቅሰው ጻፉ። በሳምንቱ ሻለቃው ሱግራን አስጠርቶ ፎቶ አንሺ ፊት የክብር ሻል ደረበላት፤ ዓይኑንም በመሐረብ ጠረገ። «ይህን ጸሐፊ ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ። እሷም ጎንበስ ብላ እጁን ሳመችው።

ዋጃሃት ከዚህ በላይ ማየት አልቻለም። ደብተሩን ከሻለቃው መሳቢያ አውጥቶ በር ላይ ጠበቃት።

«እህቴ፣ ይሄን ለማንም እንዳትሰጪ።»

«ለሻለቃ ሳሂብም?»

«ከሁሉ በፊት ለሱ እንዳትሰጪ።»

በማግስቱ ሥራውን ለቀቀ። የሠርግ መጥሪያ እየጻፈ ኖረ፤ እዚያ ቢዋሽም ውሸቱ በአንድ ገጽ ያልቃል።