የደሟ ባለቤት

ኖሳካሬ ታላቅ እህቱን ኢሶኬንን በጠዋት ተንበርክኮ ሰላም ካላት አሥራ ሦስት ዓመት አልፎታል። በቤኒን ከተማ ታናሽ ለታላቁ ዝቅ ብሎ የቤቱን ሰላምታ ሳያቀርብ ቀኑ አይጀመርም። እሱ ግን ከዚህ ግዴታ ራሱን በራሱ ነፃ አውጥቷል። «በደም ሥርሽ የሚሮጠው የኔ ደም ነው፤ ሰው ለራሱ ደም አይንበረከክም» ይላታል። እሷም በእጇ የገባውን ማማሰያ ትወረውርበታለች።

ቀልድ ይሁን እንጂ ነገሩ እውነት ነው። ኢሶኬን የተወለደችው ቀይ የደም ሕዋስን እንደ ማጭድ ከሚያቆለምመው ሕመም ጋር ነበር። አጥንቷን ሲይዛት ጩኸቷ ሦስተኛ ቤት ይሰማል። እናትና አባታቸው ሁለቱም በሽታውን ሳይታመሙ ተሸክመውት ኖረዋል፤ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና እሷ ከሁለቱም ክፉውን ወረሰች፣ እሱ ከሁለቱም ደህናውን። አሥራ አራት ዓመቷ ላይ ዶክተር ኦሞሩዪ የሚባሉ ሴት ሐኪም የወንድሟ መቅኔ ከሷ ጋር እንደሚስማማ በምርመራ አገኙ። እሱ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። አስተኝተው ከዳሌው አጥንት መቅኔ ቀዱበትና ሁለት ሳምንት በአንድ ጎኑ እየተቀመጠ ከረመ።

መቅኔው በከረጢት ተንጠልጥሎ እንደ ማንኛውም ደም በክንዷ ሲገባ እናታቸው «ይኸው ነው እንዴ?» አለች፤ ቢላዋ ነበር የጠበቀችው። ዶክተሯ «ይኸው ነው። መንገዱን ራሱ ያውቀዋል» አሏት። አወቀውም! ኖሳካሬ እስከ ዛሬ የሚደነቀው በዚህ ነው። እነዚያ ሕዋሳት ማንም ሳይመራቸው በደሟ ዞረው ዞረው፣ በመድኃኒት ተጠርጎ የተዘጋጀላቸውን አጥንት አገኙና ገብተው ሥራ ጀመሩ። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ዶክተሯ ያደገውን የነጭ ሕዋስ ቁጥር በክፍሉ መስታወት ላይ በወፍራም ብዕር ጻፉት፤ ከዚያ ያች ቁም ነገረኛ ሴትዮ ጫማቸውን አውልቀው ኮሪደሩ ላይ ጨፈሩ። ከዚያ ወዲህ ኢሶኬን አንድ ቀን እንኳ አጥንቷን ብላ አልጮኸችም። አጥንቱን የሚጠርገው መድኃኒት የብዙ ሴቶችን የመውለድ ተስፋ አብሮ ይወስዳል። የሷ የወር አበባ በሁለተኛው ዓመት ሲመለስ እናታቸው ምክንያቱን ለማንም ሳትናገር ዶሮ አረደች።

አሁን ኢሶኬን ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሕፃናትን ሒሳብ ታስተምራለች፤ ሊያገባት የመጣው ኦሂማይ ደግሞ ጄኔሬተር ጠጋኝ ነው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ እንጀራው አይጠፋም። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷቸዋል። ቤተ ክርስቲያናቸው ያለ ደም ምርመራ ወረቀት አያጋባም። ደሙ ኤኤ የሆነ፣ ማለትም በሽታውን ያልተሸከመ፣ ማንንም ያገባል። በሽታውን የተሸከመ፣ ማለትም ኤኤስ፣ ከመሰሉ ወይም ከታማሚው ኤስኤስ ጋር ከመጣ ግን የቤተ ክርስቲያኑ የጋብቻ ኮሚቴ ፋይሉን ይዘጋል፤ እንባም ምልጃም አይከፍተውም። የኦሂማይ ወረቀት ኤኤስ አለ። የኢሶኬን ወረቀት ኤኤ አለ። እናታቸው ወረቀቱን ስማ፣ በዚያው ቀን የሙሽራዋን የዛጎል ዶቃ አክሊል ልታዝ ሄደች።

ኢሶኬን ግን አልጨፈረችም። ከኮሚቴው ቀጠሮ በፊት ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጓሮ ተቀምጣ ለወጥ የሚሆን መራራ ቅጠል እያሸች ወንድሟን ጠራችው።

«ኖሳ፣ ያ ወረቀት የኔ አይደለም።»

«ስምሽ ተጽፎበት የለም እንዴ?»

«ስሙ የኔ ነው፤ ደሙ ያንተ ነው። ክንዴን ወግተው የመረመሩት አንተን ነው።»

«ታዲያስ? ድነሽ የለ?»

«ድኛለሁ። መቅኔህ ግን የቀየረው ደሜን ብቻ ነው፤ እንቁላሌን አልነካውም። ስወልድ የምሰጠው የድሮዬን ነው። የምወልደው ሁሉ ከኔ ክፉውን ይወስዳል። ከኦሂማይ ደግሞ ወይ ይወስዳል ወይ አይወስድም። ከሁለት አንዱ ልጅ እንደኔ ሆኖ ይወለዳል ማለት ነው። ዶክተሯ ያኔውኑ ነግረውኛል።»

«ኦሂማይ ያውቃል?»

ቅጠሉን አረፋው እስኪወጣ ጨመቀችው። «መታመሜን ያውቃል፣ መዳኔን ያውቃል። ይህችን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ኖርኩ።»

እናታቸው ያም የሚባለውን ሥራ ሥር እየላጠች በበሩ ሰምታለች። ከነቢላዋዋ ወጣች። «አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ! እግዜር ወረቀትሽን ቀይሮልሽ ሲያበቃ አንቺ መልሰሽ ልትቀድጂው ነው? አሥራ አራት ዓመት አዝዬሽ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት የዞርኩት ለዚህ ነው?»

«እማዬ፣ አንቺ ሳታውቂ ወለድሽኝ። እኔ እያወቅሁ ልወልድ ነው። ልጄ አጥንቴን ብሎ ሲጮህ ምን ልበለው? ወረቀቱ ጥሩ ነበር ልበለው?»

እናትየው ወደ ኖሳካሬ ዞረች። «አንተ ንገራት እንጂ!»

«እማዬ ትክክል ናት» አለ ኖሳካሬ። «ዝም በይ። ማን ይጠይቅሻል?» ይህን ሲል የእህቱን ዓይን ማየት አልቻለም።

በማግስቱ ኢሶኬንና ኦሂማይ ኖሳካሬን አስከትለው ኮሚቴው ፊት ቀረቡ። ሰብሳቢዋ እማማ አጌዶ አርባ ዓመት ያዋለዱ፣ የሰፈሩን ጎረምሳ ሁሉ «እትብትህን እኔ ነኝ የቆረጥኩት» ብለው አፉን የሚያስይዙ ሴት ናቸው። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርገው አነበቡ። «ኤኤ ከኤኤስ። እንኳን ደስ ያላችሁ!» ብለው ማኅተሙን አነሱ።

ኢሶኬን ተነሳች። በጓሮ ያለችውን ሁሉ ደገመችው፤ የምትናገረውም ለኮሚቴው ሳይሆን ለኦሂማይ ነበር።

እማማ አጌዶ ማኅተሙን እንዳነሱ ቀሩ። «ወረቀት አይዋሽም፣ ልጄ።»

«አልዋሸም፣ እማማ። ስለ ደሜ ጠየቃችሁት፣ ስለ ደሜ መለሰ። የደሜ ባለቤት ይኸውና፣ ወንድሜ።»

«ታዲያ ኦሂማይን ከዚህ ጎረምሳ ጋር ላጋባው ነው?» አሉ ተቆጥተው። ማንም አልሳቀም። እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ። ቀጥሎ እስክሪብቶ አንስተው ከቅጹ ግርጌ አንዲት መስመር ጨመሩ፣ «ከሌላ ሰው መቅኔ ተሰጥቶዎት ያውቃል?» የምትል። «ቅጹ ይህን አይጠይቅም ነበር፤ ማኅተሙን ላሳርፍ ነበር እኮ» አሉ። «ማንም ሳይጠይቅሽ ነው የተናገርሽው። እንዳንቺ ያለ ሰው እዚህ ወንበር ፊት ቆሞ አያውቅም። ግን ሕጉ ሕግ ነው፤ ፋይሉን እዘጋለሁ።»

ኦሂማይ የሞተር ቆቡን አነሳ። «ሁለት ዓመት፣ ኢሶኬን» ብሎ ወጣ።

ዘጠኝ ቀን ድምፁ ጠፋ። እናታቸው የመጣላትን ዶቃ በቆርቆሮ ዘግታ አልጋ ሥር ከተተችው፤ ከልጇም ጋር ተኳረፈች። ኢሶኬን ትምህርት ቤት ሄደች፣ ደብተር አረመች፣ እሑድ ሰው ሁሉ እያያት ፊተኛው መቀመጫ ላይ ተቀምጣ ዘመረች። ኖሳካሬ አያት ነበር። ሕዋሶቹ ሞኝ አጥንት ውስጥ አልገቡም ብሎ አሰበ፤ ኮራባት፣ በራሱም አፈረ።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት የሞተር ድምፅ ተሰማ። ኢሶኬን ግቢ እየጠረገች ነበር። ኦሂማይ ገብቶ ቆመ።

«ዶክተሯ ዘንድ ሦስት ጊዜ ሄድኩ» አለ።

«ሦስት ጊዜ ምን ልትሠራ?»

«በመጀመሪያው አልገባኝም። በሁለተኛው ገባኝና ተናደድኩ። በሦስተኛው ጥያቄ ይዤ ሄድኩ። ፅንሱ ማህፀን ሳይገባ መርምሮ ደህናውን የሚለይ ሕክምና አለ አሉኝ፤ ውድ ነው፣ ላይሳካም ይችላል። ካልተሳካ ልጅ ማሳደግ አያቅተንም፤ አሳዳጊ ያጣ ሞልቷል። በልጅ ዕጣ አልጥልም። አንቺን ግን አልተውም።»

«ቤተ ክርስቲያኑስ?»

«ማዘጋጃ ቤት ኮሚቴ የለውም።»

«እናትህስ?»

«ታለቅሳለች። ግን የሰርግ ልብሷን እየተኮሰች ነው የምታለቅሰው።»

ኢሶኬን ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ፊቷ ጠቆረ። «ሁለት ዓመት ስለደበቅኩህስ?»

«እሱን ገና ተናድጄ አልጨረስኩም» አለ ኦሂማይ። «ከተጋባን በኋላ ቀስ ብዬ እጨርሰዋለሁ።»

መጥረጊያውን ጥላ አለቀሰች። ከቤት ውስጥ፣ ከአልጋው ሥር፣ የቆርቆሮ መንኳኳት ተሰማ፤ እናታቸው ዶቃውን እያወጣች ነበር።

ያኔ ኖሳካሬ ከበሩ ወጣ። ቀዩ አፈር ላይ በሁለት ጉልበቱ ወርዶ፣ የቤታቸውን የጠዋት ሰላምታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አላት።

ኢሶኬን እንባዋን በእጇ ጠርጋ አየችው። «ምን ነካህ? ሰው ለራሱ ደም ይንበረከካል?»

«የኔን ደምማ አውቀዋለሁ» አለ ኖሳካሬ ከተንበረከከበት። «ዝም በይ ነበር ያለሽ። ኮሚቴው ፊት የተናገረው ግን ያንቺው ነው።»