ስድስት የጥያቄ ምልክት

«ገንዘቤን መልስልኝ» አለች ካሳነሽ፣ ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ እያስቀመጠች። ብትወረውረው ደስ ባላት፤ ግን ላፕቶፑ የራሷ ነው። «ሰላምታው ኋላ ይደርሳል።»

ነጂብ ከሚጠግነው ሞባይል ላይ ቀና አለ። ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሠፈር ውስጥ ያለችው ሱቁ ከጭነት መኪና ጋቢና አትሰፋም። ከሱዳን ሆኖ የኮምፒውተር ጨዋታ በካርድ መግዛት አይታሰብም፤ ስለዚህ ዱባይ ያለው የአጎቱ ልጅ ይገዛል፣ ነጂብ ያወርዳል፣ በፍላሽ አድርጎ ይሸጣል፣ ሠፈሩ ይጫወታል። አባቱ የወሎ ሰው ነበሩ። እሱ ግን ተወልዶ ያደገው ካርቱም ነው፤ አማርኛ ይናገራል፣ ፊደሉን ግን አልቆጠረም። አማርኛው «እርስዎ» የሚባል ነገር የለውም፤ ሁሉንም «አንተ» እና «አንቺ» ይላል። ካሳነሽ ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

«አህለን ያ ኻላ፣ አክስቴ። ምን ሆንሽ?»

«የሸጥክልኝ ጨዋታ አይሠራም።»

«አይጫንም ወይስ አይከፈትም?»

«ተጭኗል። ሲከፍቱት ጥቁር ይሆናል፣ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል። ጥቁር ሰሌዳ ለማየት ገንዘብ አልከፍልም። ደብረ ታቦር ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ለዚያ የሚከፈለኝ እኔ ነበርኩ።»

ግድግዳው ሥር ካለችው አግዳሚ ላይ ሳቅ ተሰማ። ሲሚንቶ ተሸክሞ የሚያድር ያረጋል የሚባል ወጣት ነው፤ ስልኩ ላይ ዘፈን እስኪሞላለት ተቀምጦ ይጠብቃል። ከካርቱም ወዲያ ወዴት እንደሚሄድ ገና አልቆረጠም፤ ለጊዜው ግን ከዚህ ጠብ የተሻለ የሚሄድበት ቦታ አልታየውም።

ነጂብ ራሱ የጻፈውን የዐረብኛ ማስታወቂያ በጣቱ አሳያት። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም።

«አንብቤዋለሁ» አለች። «'የተሸጠ' ነው የሚለው። የማይሠራ ነገር አልተሸጠም፤ ከአንተ እጅ ወደ እኔ እጅ ተዛወረ እንጂ። ዳቦ ብዬ ገዝቼ ወረቀቱን ስፈታው ድንጋይ ባገኝ፣ 'የተሸጠ ድንጋይ አይመለስም' ልትለኝ ነው?»

«እትዬ፣ ይሄንስ ዳኛ ፊት ቢናገሩት ያስፈርዳል» አለ ያረጋል።

«አንተ ዘፈንህን ጠብቅ» አለችው። ግን አልተቆጣችም።

ካሳነሽን የሚያውቅ ሁሉ ቀይ እስክርቢቶዋን ያውቃል። ዐማራት የሚባለው የካርቱም ሠፈር ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ታጸዳለች፣ ሻይ ታፈላለች፤ መምህርነቱን ከተወች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ እስክርቢቶው ግን ከቦርሳዋ ወጥቶ አያውቅም። የአበሻ ምግብ ቤቶችን የምግብ ዝርዝር ታርማለች። አንድ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑን ማስታወቂያ፣ የጻፈው ዲያቆን ዓይኑ እያየ አርማዋለች። ስሕተት አይታ ማለፍ ማለት ለእሷ የወደቀ ሕፃን አይቶ እንደ ማለፍ ነው።

አሁን ከጎኗ የቆመችው የአሥራ አንድ ዓመቷ ወሰንየለሽ ደግሞ አንድያ ልጇ ናት። ካርቱም ተወልዳ፣ በአማርኛ ሲያናግሯት በዐረብኛ እየመለሰች ያደገች ልጅ ናት። ጥቅምት ላይ እናትና ልጅ ተዋዋሉ፤ ልጅቱ ፊደል ቆጥራ አንድ ሙሉ ገጽ ሳትደናቀፍ ካነበበች፣ የመረጠችው ጨዋታ ይገዛላታል። የመረጠችው የአውቶቡስ ሾፌር የሚኮንበትን ጨዋታ ነው። ባለፈው ሳምንት የሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ከፍታ፣ ስለ አንዲት ዶሮ የተጻፈ ገጽ ከላይ እስከ ታች ተወጣችው። ጨርሳ መጽሐፉን ዘጋችና እንዲህ አለች፦

«እማዬ፣ አንቺ ሁልጊዜ ሃፍላ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆመሽ ነው የምትሄጂው። አሁን ጨዋታው ሲመጣ እኔ አሳፍርሻለሁ።»

ካሳነሽ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቃሉ ሌላም ትርጉም እንዳለው ለልጅቱ አልነገረቻትም። እንዲህ ያለውን ስሕተት እንኳ ማረም ነውር መሰላት።

ጨዋታው ተገዛ። አራት ቀን ሙሉ አውቶቡሱ አልተነሳም። ትናንት ልጅቱ የዶሮዋን መጽሐፍ አልጋ ሥር ከትታ፣ በዐረብኛ «ኸላስ» አለች። በቃ። ካሳነሽን ከቤት ያስወጣት ይህ ቃል ነው። ለጨዋታው የከፈለችው ሦስት ሺህ ጊኒ የሁለት ቀን ድካሟ ነው፤ ይመለሳል። ፊደልን አንብቢ፣ በር ይከፈትልሻል ብላ ለልጇ የገባችው ቃል ግን በአንድ ባለ ፍላሽ ምክንያት ውሸት ሊሆን ነው።

ነጂብ ያንኑ ጨዋታ በራሱ ኮምፒውተር ከፈተው። አውቶቡሱ ብቅ አለ፤ ሰማያዊ ነው፣ በሩ ይከፈታል፣ መጥረጊያው የፊት መስተዋቱን ያብሳል። ወሰንየለሽ በባንኮኒው ላይ እስከ ወገቧ ተንጠላጠለች።

«አየሽ? ጨዋታው ጤነኛ ነው» አለ ነጂብ። «የታመመው ያንቺ ኮምፒውተር ነው። እንዲያውም ስትገዢ ጠይቄሻለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የባለቤቱ ስም በዐረብኛ ነው ወይ የተጻፈው ብዬሻለሁ። ዐረብኛ ከሆነ ይሄ ጨዋታ አይከፈትም። ለሁሉም እናገራለሁ።»

«እኔም አይደለም ብዬሃለሁ። ያኔም አይደለም፣ ዛሬም አይደለም።»

«ወላሂ?»

«እኔ መሐላ አልወድም። አይደለም ካልኩ አይደለም።»

«እሺ፤ ጥፋቱ የጨዋታው ከሆነ ገንዘብሽን አሁኑኑ እሰጥሻለሁ። የኮምፒውተሩ ከሆነ ግን ትሄጃለሽ፣ ሱቄ ውስጥም አትጮኺም።»

«ተስማምቻለሁ። አንተ» አለች ወደ ያረጋል ዞራ፣ «ምስክር ነህ።»

ያረጋል ምስክር ሲያደርጉት የመጀመሪያው ነበር። ተስተካክሎ ተቀመጠ።

ወሰንየለሽ ላፕቶፑን ሰክታ አስነሳችው። ጨዋታው ተከፈተ፤ ጥቁር ሆነ፣ ብልጭ አለ፣ ጠፋ። በቦታው ትንሽ የእንግሊዝኛ መልእክት ቀረች። ነጂብ መነጽሩን አድርጎ አነበባት። ጨዋታው ፋይሉን የት ሊያስቀምጥ እንደፈለገና ቦታውን እንዳላገኘው ትናገራለች። መሀሏ ላይ ግን አንድ እንግዳ ነገር ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ። «የባለቤቱ ስም መሆን ያለበት ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት ደርድሮበታል። አንድ፣ ሁለት… ስድስት የጥያቄ ምልክት።»

ሁሉም ወደ ስክሪኑ አጎነበሱ። ወሰንየለሽ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጣቶቿን መቁጠር ጀመረች።

«ወ፣ ሰ፣ ን፣ የ፣ ለ፣ ሽ» አለች። ስድስተኛዋን ጣት ይዛ ቀረች። «ስድስት። እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

ነጂብ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ያ ኻላ፣ ስሙን በምንድን ነው የጻፍሽው?»

«በአማርኛ ነዋ። በምን ልጻፈው?»

«በዐረብኛ ነው ወይ ብዬሽ ነበር እኮ!»

«አማርኛ ዐረብኛ ነው?»

ያረጋል ምስክርነቱን ረስቶ በሳቅ አግዳሚው ላይ ተጋደመ። ነጂብም መቆጣት ጀምሮ መሀል ላይ ሳቁ አመለጠው። ካሳነሽ ብቻ አልሳቀችም። ላፕቶፑ ከመሥሪያ ቤቷ በስጦታ የመጣ ጊዜ፣ ልጇ በከፈተችው ቁጥር መጀመሪያ የምታየው የገዛ ስሟን በገዛ ፊደሏ እንዲሆን ብላ፣ አንድ ምሽት ሙሉ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ፈልጋ የጻፈችው እሷ ናት።

«ቆይ» አለች። «ይሄን ጨዋታ የሠሩት ሰዎች ዝናብ ሠርተዋል። የትራፊክ መብራት ሠርተዋል። የኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋ ተሳፋሪ ሠርተዋል፣ አይቼዋለሁ፣ ራሱን እንኳ ይወዘውዛል። ያን ሁሉ ሲሠሩ በዓለም ላይ እንደነሱ የማይጽፍ ሰው አለ የሚል አንድ አሳቢ በመሀላቸው አጡ? ስድስት ፊደል ከበዳቸው? ልጄን የጥያቄ ምልክት አደረጓት። ማነሽ አሏት። እነሱን ማን ናችሁ ብዬ መጠየቅ የሚገባኝስ እኔ ነበርኩ።»

ነጂብ መሳቢያውን ከፈተና ሦስት ሺህ ጊኒ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ውሰጂ» አለ። «ጨዋታው አልታመመም፣ ኮምፒውተሩም አልታመመም። ግን እኔም ጥያቄዬን አሳስቼ ጠይቄያለሁ። ዐረብኛና እንግሊዝኛ ብቻ ነው የታየኝ። አባቴ ቢሰማ ያፍርብኛል።»

ካሳነሽ አሸነፈች። ገንዘቡን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ ልጇን አየቻት። ወሰንየለሽ የምታየው ገንዘቡን አልነበረም፤ በነጂብ ኮምፒውተር ላይ ሞተሩ ተነሥቶ የሚጠብቀውን ሰማያዊ አውቶቡስ ነው።

«ሌላ መላ የለውም?» አለች ካሳነሽ፤ ድምፅዋ ወርዷል።

«አለው። ኮምፒውተሩ ላይ ሁለተኛ ስም እከፍታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። በዚያ ሲገባ ይሠራል።»

«የልጄ ስም አይቀየርም።»

«እማዬ» አለች ወሰንየለሽ። «ትምህርት ቤት እኮ ወሰን ነው የሚሉኝ። ሙዲራዋ፣ ዳይሬክተሯ፣ ወስናሽ ትለኛለች። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ ያለው ሌላ ነው፣ እሱን እኔም ማንበብ አልችልም። ቤት ስገባ ነው ወሰንየለሽ የምሆነው። ላፕቶፑም ቤቱ ወሰንየለሽ ይሁን፣ ሥራ ሲሄድ ወሰን ይሁን። ሾፌር አይደል?»

ካሳነሽ ገንዘቡን በአንድ ጣቷ ወደ ነጂብ መልሳ ገፋችው።

ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ልጅቱ በአዲሱ ስም ገባች፤ ጨዋታው ጥቁር ሆነ፣ ብልጭ አለ፣ አልጠፋም። አውቶቡሱ ተነሣ። ከተነሣ በኋላ ወዲያው አንድ የጋዜጣ መሸጫ ገጭቶ አለፈ። ያረጋል ረዳት ሆኖ «ሱቅ አል-ዐረቢ፣ ሱቅ አል-ዐረቢ፣ ግቡ፣ ወንበር አለ» እያለ ሲጣራ፣ መብራት ጠፋ።

«ያ ሰላም» አለ ነጂብ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። «ጠብቁ፣ ይመጣል። እስከዚያ ሥራ ልሥራ።» ወፍራም ጥቁር ማርከርና ካርቶን አወጣና ለወሰንየለሽ ሰጣት። «አንቺ በሐበሻ ፊደል ጻፊልኝ። እዚህ ከሚገዛው ግማሹ የናንተ ሰው ነው። 'በአማርኛ ስም መጻፍ ክልክል ነው' በይ።»

ካሳነሽ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ምን? በአማርኛ 'አማርኛ ክልክል ነው' ብላ ትጻፍ? ፊደል በቆጠረች በሳምንቷ? የወሎው አባትህ ከመቃብር ተነሥተው በከዘራ ይፈልጉሃል።»

«ታዲያ ምን ትበል?»

«ጻፊ፣ ልጄ። ስሙን በአማርኛ የጻፈ ለነጂብ ይንገረው፤ ያስተካክልለታል።»

«ሥራ አበዛሽብኝ እኮ ያ ኻላ።»

«ሥራህ አይደል?»

ወሰንየለሽ ከበሩ በሚገባው ብርሃን ካርቶኑን መሬት ላይ አንጥፋ ተንበረከከች። ምላሷን አውጥታ፣ አንዳንዱን ፊደል እግሩን ረስታ ተመልሳ እየቀጠለች ጻፈች። ሲያልቅ ነጂብ ከዐረብኛው ማስታወቂያ ጎን ለጠፈው። ምን እንደሚል ማንበብ ስላልቻለ ከሁሉም ይልቅ የኮራው እሱ ነው።

«ስሙን በአማርኛ የሳፈ ለነጂብ ይንገረው፤ ያስተካክልለታል።»

ካሳነሽ ከሩቅ አየችው። ሳ። የካርቱም ምላስ ነው፤ ጻ ለማለት ገና አልተገራም። እጇ ሳታዝዘው ቦርሳዋ ውስጥ ገባ፤ ቀዩን እስክርቢቶ አገኘው፤ ክዳኑን አወለቀው።

ያረጋልም አይቶታል። ሊስቅ ሲል ከንፈሩን ነከሰ። «እትዬ፣ ይቺ 'ሳ' እኮ…»

«ምን ሆነች?» አለች ካሳነሽ። «አንብበኸው ገባህ ወይስ አልገባህም?»

«ኧረ ገብቶኛል።»

«እንግዲያው ምን ጎደላት?»

ያረጋል ወደ ማስታወቂያው፣ ከዚያም ወደ እስክርቢቶው አየ። «ምንም» አለ።

ጣሪያው ላይ ያለችው ማራገቢያ ቀስ ብላ መዞር ጀመረች፤ መብራት መጥቷል። ወሰንየለሽ ከመሬት ዘላ ተነሥታ ወደ ላፕቶፑ ሮጠች። ካሳነሽ የእስክርቢቶውን ክዳን መልሳ ገጠመች፣ ቦርሳዋ ሥር ከሻሽዋ በታች ከተተችው፣ ወንበር ስባ ከልጇ ኋላ ተቀመጠች።

«በይ፣ ያላ» አለቻት። «አሳፍሪኝ።»