የጣሊያን ጉድጓድ

ጣሊያን ሸዋ ሮቢት ላይ የውሃ ጉድጓድ በቆፈረልን በዓመቱ፣ የጣሊያኑ ሹም ሰብስቦን ቁርኣን እያስያዘ በአስተርጓሚ ጠየቀን። «ውሃው ጥሩ ነው? እኛንስ ትወዱናላችሁ?»

ሼሁ «ተገዶ የማለ ወንጀል የለበትም» ብለውን ነበርና ሁላችንም «ጥሩ ነው፣ እንወዳችኋለን» ብለን ማልን። ግትሩ ጀይላን ብቻ፣ «ቁርኣን ይዤ አልዋሽም። ውሃው ጥሩ ነው። እናንተን ግን እጠላችኋለሁ» አለ።

ሹሙ አልተቆጣም። «ሐሳብህና ልብህ ተጣልተዋል፤ እኔ ላስታርቃቸው» አለና የሞተ በቅሎ ጉድጓዱ ውስጥ አስጣለ።

«አሁንስ ውሃው ጥሩ ነው?»

«አይደለም» አለ ጀይላን።

«በቃ፣ ሐሳብህና ልብህ ታረቁ። በል ሂድ።»

ሴቶቻችን ይኸው እንስራ አዝለው ሮቢ ወንዝ ይወርዳሉ። ጣሊያንን በልባችን ብቻ እንጠላለን። ጀይላንን ግን በልባችንም በአፋችንም።