የሹፌሩ «እንሂድ»

የሥነ ጽሑፍ መምህሯ ሰሌዳ ላይ የጻፉት ግጥም ወንዝ ዳር ቆማ ባሏን ስለምትጠብቅ ሴት ነው። እያንዳንዱ አንጓ «ጀልባው ገና ነው» ብሎ ያልቃል።

«ገጣሚው ይህን ስንኝ ለምን ደጋገመው?» ብለው ጠየቁ።

«ቃል አልቆበት ነዋ» አለች ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሯም ፈገግ አሉ፤ ግን አልለቀቋትም።

«እስቲ ቤትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ሴትየዋ ለማን እንደምትናገር፣ ምን ሆና እንደምትናገር እያየሽ። ዋናውን ሐሳብ ከዚያ ታገኚዋለሽ።»

ልጅቷን ድግግሞሽ የሚባል ነገር አንገሽግሿታል። አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ከታመመ ወዲህ ግማሽ አካሉ አይታዘዝለትም፤ አንደበቱ ላይ የቀረችውም «እንሂድ» የምትል ቃል ብቻ ናት። ሲርበውም እንሂድ፣ ሲስቅም እንሂድ፣ ሲቆጣም እንሂድ። እናቷ እንደምንም ከእሱ ጋር ትግባባለች፤ እሷ ግን ጆሮ መስጠት ከተወች ሰንብታለች።

ከሰዓት በኋላ ሳሎን ቁጭ ብላ ግጥሙን አነበበች። ሴትየዋ መጀመሪያ «ጀልባው ገና ነው» የሚለውን ለጎረቤቷ እየሳቀች ትናገራለች። ወንዙ ሲሞላ ለራሷ ታንሾካሹካለች። መጨረሻ ላይ የሚያለቅስ ልጇን ታባብልበታለች። ቃሉ ያው ነው፤ ሴትየዋ ግን በየአንጓው ሌላ ሰው ናት። ስለ ጀልባ የመሰላት ግጥም ለካ መጠበቅ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ኖሯል የሚያወራው።

«እንሂድ» አለ አባቷ ከመስኮቱ ሥር።

ቀና ብላ አየችው። ምግቡን በልቷል፤ ውኃውም አጠገቡ ነው። ዓይኖቹ በመንገዱ የሚያልፈውን አውቶቡስ ይከተላሉ። ድምፁ ልመና ነበረው።

«አባዬ፣ ድሮ ሥራህ፣ አውቶቡሶቹ ጋራዥ እንድወስድህ ነው?»

ዓይኑ እንባ ሞላ። ለካ ስንት ጊዜ ሲለምናቸው ኖሯል።

በተሽከርካሪ ወንበሩ እየገፋች ወሰደችው። የድሮ ባልደረቦቹ ሥራቸውን ጥለው ከበቡት፤ ተጋግዘውም አንድ የቆመ አውቶቡስ ውስጥ የሹፌሩ ቦታ ላይ አስቀመጡት። መሪውን በደህናው እጁ ጨበጠ።

ቆየት ብላ «አባዬ፣ አሁን ወደ ቤት እንመለስ?» አለችው።

ከንፈሩ ታገለ። ግንባሩን ላብ አረጠበው።

«ቆይ» አለ።

ሁሉም ወደ እሱ ቀረቡ። አባቷ ራሱም ደንግጦ ዞር ብሎ አያት።

«ሹፌሩ ቆይ ካለ ማን ይነቃነቃል?» አለ ሽማግሌው መካኒክ፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ።

ልጅቷ ለእናቷ ደውላ «እማዬ፣ ቶሎ ነይ፤ ራስሽ ስሚው» አለቻትና ከአባቷ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።